ጦሃራ የሆነ ሁሉ አይጠጣም

እስቲ ይህችን ጠርሙስ እዩዋት። የሌባ ጣት የምታክል፣ ክዳኗ ነጭ፣ ከውስጧ የመድኃኒት ወረቀት ቁራጭ ያለባት፣ እስከ አንገቷ ውሃ የተሞላች። ጠጋ በሉና እዩ። ምን ታያችሁ? ምንም! ውሃው ኩልል ብሏል፤ ጉድፍ የለው፣ ሽታ የለው። በሽታችን ታዲያ ይኸው ነው። በሬ ስንገዛ ጥርሱን ፈልቅቀን፣ ሻኛውን ዳብሰን፣ «እስቲ አራምደው» ብለን ባለቤቱን የምናስመርር ሰዎች፣ በገዛ ጉሮሯችን የምናንቆረቁረውን ውሃ ግን አንዴ ገልመጥ አድርገን «ጠርቷል» እንላለን፤ አለቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ስለ ወንዝ ሙላት ብቻ ይመስላችኋል?

ጠርሙሷን በሻርፗ ስር፣ ከደረቷ አስጠግታ የያዘችው ዑምኩልሱም ኑርዬ ትባላለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ ቁመቷ አጠር፣ ምላሷ ረዘም ያለ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለችው መንደር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጠርሙሷ እንዴት እዚያ እንደገባች ለማወቅ ስለ አባቷ መስማት ያስፈልጋል።

አባቷ ኑርዬ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ በጋ ሙሉ በድጅኖ ምድር ሲቆፍር ከረመ። ሰው ሳቀበት። «ኑርዬ ወርቅ አገኘ እንዴ?» አሉት። አስራ ስድስት ክንድ ሲደርስ ውሃው ፈለቀ። አፉን በድንጋይ ገነባ፣ ገመድና ባልዲ አንጠለጠለ፣ ለእስላም ለክርስቲያኑ፣ ለሰው ለከብቱ «ቅዱ» አለ። ገንዘብ ያለው መስጊድ ያሠራል፤ ኑርዬ ድጅኖ ብቻ ነበረውና ጉድጓድ ሠራ። ሰደቃ ጃሪያ ይሉታል ሼሆቹ፤ ሰጪው ከሞተ በኋላም የማይቋረጥ ምጽዋት ማለት ነው። ሰው ከዚያ ጉድጓድ በተጎነጨ ቁጥር አጅሩ፣ ምንዳው፣ ከመቃብር በታች ላለው ኑርዬ ይጻፍለታል። ሊሞት ሲል ልጁን ጠርቶ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ጉድጓዴን አደራ።»

ዑምኩልሱም አደራ የምትበላ ሴት አይደለችም። የባልዲውን ገመድ በየዓመቱ የምትቀይረው እሷ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ልብስ ያጠበችን ሴት ከነዘፍዘፊያዋ የምታባርረው እሷ!

ቀደም ሲል ጅዳ ሰባት ዓመት በቤት ሠራተኛነት ሠርታለች። የቀጠሯት ሰዎች እናት አሮጊት ነበሩ፤ ጡረታቸውን በአልጋ ላይ የያዙ። አንድ ቀን በዚያ እሳት በሚነድበት ወር አሮጊቷ ቃላቸው ተምታቶ፣ ልጃቸውን እንኳ ሳያውቁት ቀሩ። ሁሉም «ጂን ነው» ሲል ሐኪሙ መጥቶ ዓይናቸውን ገለጥ፣ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አደረገና ወደ ዑምኩልሱም ዞረ። «ጂን አይደለም፤ ውሃ ነው። ሽማግሌ ሰው ቢደርቅም ጥሙ አይሰማውም። እስኪጠሙ አትጠብቂ። ሽንታቸውን እዪ፤ ከጠቆረ አጠጪ።» ሌላው ከዐረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል። እሷ ይህን ይዛ መጣች።

አመጣጧም አገር አመሰ። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ሽንትህ እንዴት ነው? እንደ ገለባ ነው እንደ ሻይ?» ማለት ጀመረች። ሐያእ የላትም፣ እፍረት አልፈጠረባትም ተባለ። ሽማግሌዎች እሷን ሲያዩ መንገድ ቀየሩ። ጎረቤቷ አሻግሬ ብቻ ነበር የማይሸሻት፤ አሻግሬ በሚካኤል የሚምል፣ በቀልድ የሚኖር አራሽ ነው።

«የኔማ እንደ ጠላ ነው» አላት አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት። «ግን አንቺ ጠላ አትቀምሺ፣ በምን ታውቂዋለሽ?»

«እንደ ጠላ ከሆነማ ኩላሊትህ ሊሰክር ነው አያ አሻግሬ! ሂድና ጠጣ፣ ውሃ!»

ተሳቀ። ግን ጠጡ። አራሹ ወደ ማሳው ጀሪካን ይዞ መውጣት ለመደ። ሐይቅ ከተማ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረባቸው፤ ገበያው ውስጥ ሴት የምትሸናበት ጥግ የለምና ከንጋት ጀምሮ እስኪመለሱ አንድ ጉንጭ አይቀምሱም። ስንቷ ሴት ወገቧን ይዛ የምታቃስተው በሸክም ብቻ ይመስላችኋል? ዑምኩልሱም የገበያ ዳር ዘመዷን ለምና፣ ለመንደሯ ሴቶች የጓሮ በር አስከፈተች። «ጠጥታችሁ ውረዱ» አለቻቸው። «ማፈር ያለበት ሴት የምትቀመጥበት ያላዘጋጀ ነው እንጂ የጠማት አይደለችም።»

ከዓመት ዓመት ራስ ምታቱ፣ የወገብ ውጋቱ፣ ሲሸኑ ማቃጠሉ ቀነሰ። ሰዉ አመናት። ሁሉም የሚጠጣው ግን ከአንድ ቦታ ነበር፤ ከኑርዬ ጉድጓድ።

አምና ነሐሴ ላይ የመንደሩ ሆድ ፈታ። በአንድ ሳምንት አስራ አንድ ቤት ተቅማጥ ገባ። የመንደሩ ሰው ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። «ይቺ ዑምኩልሱም ውሃ አጠጥታ አጠጥታ ሆዳችንን አላላችው!» መድኃኒቱም ወዲያው ተገኘ፤ ውሃ መከልከል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ቆሎ ይብላ፣ ውሃ አይቅረበው ተባለ። ወይ መከራ! እሳት የያዘው ቤት ላይ ውሃ አታፍሱ እንደማለት ነው።

ሒክማ የአራት ወር ልጅ የምታጠባ ወጣት ሴት ናት፤ ቤቷ ከዑምኩልሱም አጥር ጋር ይዋሰናል። ዑምኩልሱም ስትገባ ሒክማ ግድግዳ ተደግፋለች፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ሕፃኑ ጡቷን እየጎተተ ያለቅሳል። አማቷ ከበሩ አጠገብ ቆሎ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ውሃ የሰጣት አለ?» አለች ዑምኩልሱም።

«ሦስት ቀኗ፣ አልሰጠናትም» አሉ አማቷ፣ እንደ ጥሩ ሥራ። «ከላይ ብንጨምርበት ከታች ይወርድ የለ? የሚያፈስ እንስራ ማን ይሞላል?»

«የሚያፈስ እንስራ ካልተሞላ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል! እናቴ፣ ልጅ የምታጠባ ሴት ናት እኮ፤ የልጁ ወተት ከየት ይምጣ? ከቆሎው?»

የሒክማን የእጅ ቆዳ ቆነጠጠች፤ ቆዳው ተነስቶ ቀረ፣ እንደ ሊጥ። ጅዳ ያየችው ነገር ነው። ከቤቷ ያስቀመጠችውን፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን የኦ አር ኤስ ዱቄት አመጣች፣ በአንድ ሊትር ጆግ በጠበጠችው፣ በማንኪያ ጀመረች። «አብሽሪ እታለም። አንድ ማንኪያ። ዋጥ። ቆይ። አንድ ማንኪያ።» ሲያስመልሳት ትንሽ ታግሳ ትቀጥላለች። ወደ አስር ሰዓት ሒክማ ሽንቷ መጣ። ዑምኩልሱም በእልልታ ግቢውን አናጋችው። ለሽንት እልል ያለች ሴት በወሎ ምድር የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

በማግሥቱ ግን ተቅማጡ ብሶ ተመለሰ። ከጤና ኬላ ሰብለወንጌል መጣች፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ቁጥብ፣ ሲያዋሯት የምትጽፍ። ሒክማን በባጃጅ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ሰደደቻትና ጆጉን አንስታ አየችው።

«ኦ አር ኤሱን መስጠትሽ ባይሆን ዛሬ አናገኛትም ነበር፣ እትዬ» አለች። «በምን ውሃ ነው የበጠበጥሽው?»

«በአባቴ ውሃ ነዋ!»

«አፍልተሽው?»

ዑምኩልሱም እንደተሰደበች ሆነች። «የአባቴን ውሃ? የአባቴ ውሃ ጦሃራ ነው፤ ለሶላት የነጻ! ሼህ ሙሐዲን ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት፣ ውዱእ የሚያደርጉበት ውሃ ነው!»

«ስለ ጦሃራው እኔ አላውቅም» አለች ሰብለወንጌል። «እኔ የማውቀው ስለዚህች ጠርሙስ ነው።»

ከጉድጓዱ ቀድታ ሞላቻት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ውሃው ውስጥ የሰው ወይም የከብት ዓይነ ምድር ከገባበት ጠርሙሷ በሁለት ቀን ውስጥ ትጠቁራለች፤ ካልገባበት እንዳለች ትቆያለች። ሙቀት ግን ትፈልጋለች። «ሰውነትሽ ላይ ያዣት» አለቻትና ወደ ሌሎቹ ቤቶች ሄደች።

እንግዲህ ጠርሙሷ ከዑምኩልሱም ደረት የገባችው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሰላሳ ጊዜ አውጥታ አይታታለች። ጠርታለች። ከሰዓት በኋላ አሻግሬን ስታገኘው ከአንገቷ ስር መዝዛ አሳየችው። «እይ! የኑርዬ ውሃ ይጠቁራል? ይህ እንደ ልቡ የጠራ ነው!»

በሁለተኛው ቀን ከሱብሂ ሶላት ተነስታ፣ ሰማዩ ሲገለጥ አወጣቻት።

ጠቁራለች። ደብዘዝ ያለች እንኳ አይደለችም፤ ጥላሸት ሆናለች።

ዑምኩልሱም ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ከድንጋዩ አፍ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ በልቧ መጣ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ በየጉንጩ የተጻፈው አጅር... ይህን ሰምቶ ማን ከዚህ ይቀዳል? ማንም ካልጠጣ ደግሞ ለአባቷ ምን ይጻፍለታል? ከዚህም የባሰው ጓሮዋ ነበር። ቀና ስትል ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ ሽንት ቤት አየች። የራሷ ሽንት ቤት። ከሦስት ዓመት በፊት «እያንዳንዱ ቤት ይቆፍር» ሲባል ከሁሉ ቀድማ የቆፈረችው፣ በሲሚንቶ የለበጠችው፣ ሞዴል ቤተሰብ ተብላ ወረቀት የተሰጠችበት። ለመቁጠር የመጣው ሰው ሽንት ቤት መኖሩን ጻፈ፤ ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን አልለካም። እሷም አልለካችም። ተነስታ ተራመደች። አስራ አራት እርምጃ። በጋ ሲሆን ዋልካው ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ በስንጥቁ ይወርዳል። ወዴት እንደሚወርድ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ውሃ ሽቅብ አይፈስም!

ሦስት ዓመት ሙሉ አገሩን «ጠጡ፣ ጠጡ» ስትል ያጠጣችው ይህንኑ ነው።

እውነቱን እንናገር፤ እጇ ጠርሙሷን ለመወርወር ተነስቶ ነበር። «ወደቀችና ተሰበረች» ብትል ማን ይመሰክርባታል? ከሐይቅ ቦኖ ውሃ ቀድታ ሌላ ጠርሙስ ብትሞላስ? አባቷ በመቃብሩ፣ እሷም በወረቀቷ ትከበራለች። የሒክማ ሕፃን ግን በዚያው ሰዓት ከአጥሩ ማዶ አለቀሰ። እናቱ ጤና ጣቢያ ናት፤ አያቱ ከጉድጓዱ በተቀዳ ውሃ የዱቄት ወተት በጥብጠው በጡጦ ሊሰጡት ይሆናል። ዑምኩልሱም ከተቀመጠችበት ስትነሳ አጥሩን አልዞረችም፤ በላዩ ነው የዘለለችው። ጡጦውን ከአያትየው እጅ ነጥቃ ደፋችው።

«ምነው! አበድሽ?»

«አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እናቴ። የአባቴ ውሃ ተበላሽቷል። አፍልተው አቀዝቅዘው በጥብጠው ይስጡት።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሌላው ቀለላት።

ቀኑ ጁምዓ ነበር። ሶላቱ አልቆ ሰዉ ከመስጊዱ ሲወጣ ዑምኩልሱም ደጁ ላይ ቆማለች፤ ሰብለወንጌልና አሻግሬም አብረዋት ናቸው። ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ከኑርዬ ጉድጓድ ነው። ዓይነ ምድር ገብቶበት ጠቁሯል። ከዛሬ ጀምሮ ሳይፈላ አትጠጡት።»

ጉምጉምታ ሆነ። ሼህ ሙሐዲን ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡ፤ ኑርዬን የገነዙ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «ውሃ ቀለሙ፣ ጣዕሙ፣ ሽታው ካልተለወጠ ጦሃራ ነው። እኔ ዛሬም ውዱእ አድርጌበታለሁ። ሶላቴን ልታፈርሺው ነው?»

«እኔ ማን ነኝና የአንቱን ሶላት! ጦሃራ ነው፤ አልካድኩም። ግን ሼሆች፣ ልጠይቅዎ። የባሕር ውሃ ጦሃራ ነው?»

«ነው እንጂ። በሐዲስ የመጣ ነው።»

«ውዱእ ይደረግበታል?»

«ይደረግበታል።»

«እኔ ጅዳ ባሕሩን አይቸዋለሁ፤ ቀምሸዋለሁም። አንድ ጣሳ ልስጥዎ፣ ይጠጡታል?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዑምኩልሱም አልሳቀችም።

«ጦሃራ ለሶላት ይበቃል። ለሆድ ግን ዋስ አይሆንም! ሁለቱን አንድ አድርገን ነው የታመምነው።»

«በውዱእ ጊዜ እጉመጠመጥ የለ? እሱንስ?» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው። አሁን እየተከራከሩ አልነበረም፤ እየጠየቁ ነበር።

«ለመጉመጥመጫው የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አመጣልዎታለሁ። ሌላውን አካልዎን በጉድጓዱ ይታጠቡ።»

ከመሐል አንዱ ጮኸ፦ «የማን እዳሪ ነው የገባበት? ስሙን ተናገሪ! የማን ነው?» ዓይኖች ወደ አሻግሬ ከብቶች በረት ዞሩ። እንዲህ ነን እኛ፤ ጥፋት ሲፈለግ ዓይናችን ከራሳችን አጥር ውጪ ይሮጣል። አሻግሬ አፉን ሊከፍት ሲል ዑምኩልሱም ቀደመችው።

«የኔ ነው።»

ዑምኩልሱም ወደ ዳገቱ ጠቆመች።

«አረንጓዴው በር። ከጉድጓዱ አስራ አራት እርምጃ፣ ያውም በላይ በኩል። ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ርቆ ከውሃው በታች መሆን ነበረበት። ጠጡ ብዬ ያጠጣኋችሁም እኔ፣ ያበላሸሁትም እኔ። አውፍ በሉኝ። መጠጣቱን ግን እንዳትተዉ! የታመመ ሰው ካልጠጣ ነው የሚሞተው። ጥፋቱ ብዙ መጠጣታችሁ አይደለም፤ ያልፈላ መጠጣታችሁ ነው።»

አሻግሬ ጎሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የኛን ሽንት ስትጠይቂ፣ ያንቺን ስታጠጪን ነበራ!»

የመስጊዱ ደጅ በሳቅ ፈረሰ። ሼሁም ሳቁ፤ ዑምኩልሱም ራሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከእንባው የትኛው የሳቅ እንደሆነ ግን ማንም አልለየውም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሼሁ ብቻ ጠየቀች፦ «ሼሆች፣ የአባቴ አጅር ተቋረጠ?»

ሼህ ሙሐዲን ከዘራቸውን ከመሬቱ ተከሉት። «የአባትሽ ኒያ፣ የልቡ ሐሳብ፣ ማጠጣት ነበር። በሽታ ማጠጣት አልነበረም። ያንን ውሃ ደብቀሽ ቢሆን ነበር አደራውን የበላሽው። በይ፣ መርሀባ። ድጅኖ የያዘ ይከተላት!»

ያን ቀን አረንጓዴው በር ተነቀለ። ሽንት ቤቱ በአመድና በአፈር ተደፈነ፤ አዲሱ ከጉድጓዱ በታች፣ ከአምሳ እርምጃ በላይ ርቆ ተቆፈረ። ብዙውን የቆፈረው አሻግሬ ነው፤ በየእረፍቱ አንድ ቀልድ ያስከፍላት ነበር። ሞዴል የተባለችበትን ወረቀት ከግድግዳዋ አላወረደችም፤ ወንበር ላይ ወጥታ ከስሩ በእስክሪብቶ «ሠላሳ ሜትር!» ብላ ጻፈችበት። ጉድጓዱ ተቀድቶ ደረቀ፣ ግድግዳው በክሎሪን ታጠበ፣ በአፉ ዙሪያ የጎርፍ መከላከያ ተሠራ። በመስከረም እንደገና ተፈተነ፤ ጠቆረ። በኅዳርም ጠቆረ። መሬት የጠጣችውን ቶሎ አትተፋም። ዑምኩልሱም ግን አንድም ቀን አልደነገጠችም፤ በየቤቱ እየገባች ድስት ከፍታ ታያለች። «ፈላ? ተንፈቀፈቀ? እንፋሎት ብቻ መፍላት አይባልም፤ ይንደቅደቅ! ከዚያ ክደኑት፤ እጃችሁንም አትንከሩበት።» ማገዶ የቸገረው ቤት ከጤና ኬላ የውሃ ማከሚያ ይወስዳል። ጥር ላይ ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራ፤ እሷ ግን «አንዴ ሰው ያታለለ፣ ሁለቴ ይፈተን» ብላ ሌላ ወር አስፈላቻቸው።

ሒክማ ድናለች። ልጇ አንገቱ ወፍሯል። አማቷ አሁን ተቅማጥ የያዘው ሰው ይዞ የመጣባቸውን ሁሉ «ውሃ ስጡት፣ የፈላ፣ በማንኪያ» እያሉ የሚያስተምሩት እሳቸው ሆነዋል፤ ከማን እንደተማሩት ግን አይናገሩም። ዑምኩልሱም ትሰማቸዋለች፤ ትስቃለች፤ ደስ ይላታል።

እናንተስ? የእናንተ መንደር ሽንት ቤት ተቆጥሯል፤ ማን ለካው? እባካችሁ፣ ነገ ጠዋት ውሃ ልትቀዱ ስትወርዱ ጀሪካኑን አስቀምጡና ከውሃችሁ አፍ ተነስታችሁ ሽቅብ አምሳ እርምጃ ቁጠሩ። በመንገዳችሁ ሽንት ቤት ወይም በረት ካገኛችሁ፣ የራሳችሁ ቢሆንም እንኳ፣ በዚያው ቀን ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ፤ ተነስቶ ውሃው ተፈትኖ እስኪጠራም ድረስ ሳታፈሉ ለማንም አትስጡ።